የዝናቡ ወዳጆች የት ገቡ?
እ.ኤ.አ. በጥር 2010 ኤን.ቢ.ሲ. የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን «ቱናይት ሾው» የሚባለው የሌሊት ጨዋታ ከእኩለ ሌሊት በኋላ እንዲጀምር ቢፈልግ፣ አቅራቢው ሚስተር ኮናን ኦብራያን እምቢ ብለው ሥራቸውን ለቀቁ። ወዳጆቻቸውም በሎስ አንጀለስ ዝናብ እየረጠቡ ጮኹላቸው። መልካም! በዚያው ዓመት ኅዳር በሌላ ጣቢያ ሲጀምሩ ከ4 ሚሊዮን በላይ ሰው አያቸው፤ ዓመት ሳይሞላ ግን አብዛኛው ጥሏቸው ሄደ።

በሐምሌ 2025 ደግሞ ሲ.ቢ.ኤስ. የሚስተር ስቲቨን ኮልበርትን ጨዋታ ለመዝጋት መወሰኑን አስታወቀ። ድርጅቱ የገንዘብ ጉዳይ ነው አለ፤ ብዙ ወዳጆቻቸው ፖለቲካ ነው አሉ። ይከራከሩ። ነገር ግን በዶርሚቶሪያችን ያለቀሳችሁ ጓደኞቼ፣ አንዱን ሌሊት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያየ ከእናንተ ማን ነው? (እኔም አላየሁም።) የምናውቀው በስልክ የሚመጣልንን የሦስት ደቂቃ ቁራጭ ነው። አንድ ሌሊት እንኳ ሳንቀመጥላቸው በጨዋታቸው ቀብር ላይ ደረት መምታት ከየት የመጣ ወግ ነው?