ከአሌፖ የወጣው ዘር፦ የስንዴ ምርምር በጦርነትና በዋግ መካከል

እ.ኤ.አ. በ2015 በኖርዌይ ስቫልባርድ ደሴቶች፣ በበረዷማ ተራራ ውስጥ ከተሠራው ዓለም አቀፍ የዘር ማከማቻ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘር ወጪ ሆነ። ማከማቻው በ2008 ሲከፈት ለሩቅ ዘመን መቅሠፍት የታሰበ መጠባበቂያ ነበር። ስምንት ዓመት ሳይሞላው በሩን ያስከፈተው ግን የሶሪያ ጦርነት ሆነ።

ዘሩን የጠየቀው ኢካርዳ በሚል ምኅጻር የሚታወቀው፣ በደረቅ አካባቢዎች ግብርና ላይ የሚመራመር ዓለም አቀፍ ማዕከል ነው። በ1977 የተቋቋመው ይህ ማዕከል ከአሌፖ ከተማ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ቴል ሃድያ ወደ 150 ሺህ የሚጠጉ የስንዴ፣ የገብስ፣ የምስር፣ የሽምብራ፣ የባቄላና የመኖ ዕፅዋት ናሙናዎች ነበሩት። ጦርነቱ ተመራማሪዎቹን ከስፍራው ሲያስለቅቅ ዘሩ በአንድ ጊዜ አልጠፋም፤ ማቀዝቀዣዎቹ ለተወሰኑ ዓመታት መሥራታቸውን ቀጥለው ነበር። የጠፋው ዘሩን እያባዙ ለተመራማሪዎች የመላክ ዕድል ነው። ተዘርቶ የማይታደስና ለማንም የማይደርስ ዘር ደግሞ፣ የቱንም ያህል ቢቀዘቅዝ፣ ከሙዚየም ዕቃ ብዙም አይለይም።

ይህ ጉዳይ ከዳቦ ጋር የሚገናኘው በዋግ በኩል ነው። ዋግ የስንዴን ግንድና ቅጠል የሚያጠቃ ፈንገስ ሲሆን፣ እንደ ዱቄት የደቀቀ ብናኙ በነፋስ ተሸክሞ ባሕር ይሻገራል። ዩጂ99 የተባለው የግንድ ዋግ ዝርያ በ1990ዎቹ መጨረሻ በኡጋንዳ ከታወቀ በኋላ በ2003 ኢትዮጵያ፣ በ2006 የመን፣ በ2007 ደግሞ ኢራን ውስጥ ተገኝቷል። ቀይ ባሕር ለዚህ ተጓዥ ድንበር አልሆነም።

ከዚህ የባሰው ትምህርት የመጣው በ2010 ነው። በዚያ ዓመት ቢጫ ዋግ ሶሪያንም ኢትዮጵያንም መታ። በሶሪያ በስፋት ይዘራ የነበረው ቻም 8 እና በኢትዮጵያ ገበሬዎች ዘንድ ተወዳጅ የነበረው ኩብሳ ስማቸው ቢለያይም፣ ዋጉን ለመከላከል የተመኩት በአንድ ዓይነት ዘረ መል ነበር። ፈንገሱ ያንን አጥር መዝለል ሲችል ሁለቱም ተጋለጡ። ሦስት ዓመት ቆይቶ በባሌና በአርሲ ዲገሉ የተባለው ዝርያ ተራው ደረሰው፤ ቢጫ ዋግን ይቋቋማል ተብሎ ገበሬው ኩብሳን የተካበት ዝርያ በሌላ የግንድ ዋግ ተመታ። ስለዚህ አንድ ጥሩ ዝርያ ማውጣት ሥራውን አይጨርሰውም። ፈንገሱ ሲለወጥ ምርምሩም አዲስ መከላከያ ፍለጋ ወደ አሮጌው ዘር ይመለሳል፤ መከላከያው ብዙ ጊዜ የሚገኘው በገበሬ እጅ በቆዩ ነባር ዝርያዎችና በስንዴ የዱር ዘመዶች ውስጥ ነውና።

በዚህ ረገድ የኢትዮጵያ ገብስ የሰጠው አገልግሎት ከሚገባው በታች ነው የሚነገርለት። ገብስን ቢጫ አድርጎ የሚያቀጭጨውን ቫይረስ የሚቋቋም ዘረ መል ለካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው፤ የአውሮፓ ገብስን ከአመዳይ መሰል የቅጠል በሽታ የጠበቀው ዘረ መልም መነሻው በ1930ዎቹ መጨረሻ ከኢትዮጵያ የተሰበሰበ ዘር ነው። ያንን ዘር ለዘመናት እየመረጠ ያቆየው ገበሬ ከጥቅሙ ምን ደረሰው የሚለው ጥያቄ ግን ተገቢ ነው። በ2001 የጸደቀው የዕፅዋት ዘረ መል ሀብት ዓለም አቀፍ ስምምነት ዘሩን በጋራ መጠቀምን አቀላጥፏል፤ ጥቅሙን መጋራት ግን አሁንም ወደኋላ የቀረ ይመስላል።

ወደ ኢካርዳ ሲመለሱ፣ በ2015 ከስቫልባርድ የወጡት ወደ 38 ሺህ የሚጠጉ ናሙናዎች በሊባኖስ ቤቃ ሸለቆና በሞሮኮ ተዘርተው ተባዙ። በ2017 ከተባዛው ዘር ከፊሉ ወደ ስቫልባርድ ተመለሰ፤ በዚያውና በ2019 ተጨማሪ ናሙናዎች ወጡ። በዜና ላይ የታየው በረዶውና የብረት በሩ ነው። አሌፖን ለቅቀው፣ በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ መደቦችን ዘርተው፣ አንዱ ከሌላው ሳይቀላቀል አጭደው ስብስቡን እንደገና ያቆሙት ባለሙያዎች ግን እምብዛም አልታዩም። እንዲህ ያለ ሥራ የሁለትና የሦስት ዓመት የፕሮጀክት በጀት ሳይሆን ቋሚ ደመወዝና ቋሚ መብራት ይፈልጋል።

የባሕረ ሰላጤው አገሮች አብዛኛውን እህላቸውን ከውጭ ያስገባሉ። በ2022 የዩክሬን ጦርነት የስንዴን ዋጋ ሲያንር ጉዳዩ ከገበያ ወደ ጸጥታ ጥያቄ ተሸጋገረ፤ ሻርጃ በዚያው ዓመት መሊሃ ላይ በ400 ሄክታር የስንዴ እርሻ ጀመረች። ጅምሩ መልካም ነው። ሆኖም በአሸዋ ላይ የሚበቅለው ስንዴም ቢሆን ሙቀትና ጨው የሚችል ዘር ይሻል፤ ያ ዘር የሚፈለገው ደግሞ በእነዚሁ ስብስቦች ውስጥ ነው። በዱባይ ከ1999 ጀምሮ ጨዋማ አፈርና ውኃ ላይ የሚያጠናው ዓለም አቀፍ ማዕከል ከቀጣናው ተመራማሪዎች ጋር የሚሠራውም ለዚህ ነው።

በ2024 መጸው የቤቃ ሸለቆ ራሱ በቦምብ ተደበደበ። የስብስቡ ሌላ ክፍል በሞሮኮ፣ ቅጂው በስቫልባርድ መኖሩ በዚያ ሰሞን ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነበር። በሱዳንም ጦርነቱ በዋድ መደኒ የሚገኘውን ብሔራዊ የዘር ባንክ ለዘረፋ ዳርጎታል፤ ባለሙያዎች ያተረፉት የሱዳን ማሽላ ዘር በየካቲት 2025 ስቫልባርድ ገብቷል።