አስታማሚንስ ማን ያስታምማት?

ሆስፒታል ታማሚ ስንጠይቅ «እግዜር ይማርህ» ብለን ብርቱካኑን ራስጌው እናስቀምጣለን። አልጋው ሥር ካርቶን አንጥፋ፣ ጋቢ ተከናንባ ያደረችውን እህቱን ግን «አይዞሽ፣ በርቺ» ብለን እናልፋታለን። ሌሊት ግሉኮሱን ስትጠብቅ አድራ፣ ቀን ማዘዣ ይዛ ከፋርማሲ ፋርማሲ የምትዞር ሴት ከዚህ የበለጠ ይገባታል። ድካሟ ደሟ ውስጥ ሳይቀር ይገባልና።

እ.ኤ.አ. በ2008 በካናዳው ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ግሪጎሪ ሚለር ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ጥናት ይህንኑ ያሳያል። የአንጎል ካንሰር የያዘው የቤተሰብ አባል የሚያስታምሙ 11 ሰዎችን፣ ይህ ሸክም ከሌለባቸው 10 ሰዎች ጋር አነጻጸሩ። የመረመሩት ሞኖሳይት የተባሉትን ነጭ የደም ሴሎች ነበር። ስንጨነቅ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች ኮርቲሶል የተባለ ሆርሞን ያመነጫሉ፤ ከሥራዎቹ አንዱም ብግነት (የሰውነት መቆጣት) ከልክ እንዳያልፍ መግታት ነው። የኮርቲሶሉ መጠን በሁለቱም ወገን ተመሳሳይ ነበር። በአስታማሚዎቹ ሴሎች ውስጥ ግን ለኮርቲሶል የሚታዘዙት ጂኖች ሥራቸው ቀዝቅዞ፣ ብግነት የሚያባብሱት በርትተው ተገኙ። ሆርሞኑ ደም ውስጥ አለ፤ ሴሉ ግን ትእዛዙን አልሰማ ብሏል።

የተሳታፊዎቹ ቁጥር ትንሽ ነው፤ ነገሩ ግን ቀላል አይደለም። ሳይበርድ የከረመ ብግነት ለልብ ሕመምና ለስኳር በሽታ በር ይከፍታል።

ደግነቱ ጂኖቹ ራሳቸው አልተለወጡም፤ የተለወጠው ሥራቸው ነው፤ ሥራ ደግሞ ሊመለስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የማያሚው ተመራማሪ የማይክል አንቶኒ ጥናት፣ በጡት ካንሰር ታመው ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ሴቶች ለ10 ሳምንት በቡድን ጭንቀትን የመቋቋም ሥልጠና ሲወስዱ ብግነት ቀስቃሽ ጂኖቻቸው ረገብ ማለታቸውን አሳይቷል።

እኛ ሰው ሲሞት ድንኳን ተክለን፣ ንፍሮ ቀቅለን፣ ለቀናት የምንቀመጥ ሕዝብ ነን። ሰው በሕይወት ሳለ «ዛሬ እኔ አድራለሁ፤ አንቺ ቤትሽ ገብተሽ ተኚ» ማለት እንዴት ያቅተናል? ወንድሞችም ማስታመም የሴት ሥራ ነው ማለታችንን እንተው። እድሮቻችን ለቀብር እንደሚያወጡት ተራ ለአዳርም ያውጡ። ሐኪሞችም አልጋው አጠገብ የቆመችውን «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ይበሏት፤ ግፊቷንም ይለኩላት። አስታማሚዋ ስትወድቅ ታማሚው ሁለት ይሆናል።