ብስክሌት ነጂው ልጅና ማስኩ



ባለፈው ጁሙዓ ከሶላት በኋላ አንዲት እናት መስጊዱ በር ላይ አስቁመውኝ ስለ ልጃቸው አማከሩኝ። ልጁ 17 ዓመቱ ነው፤ ከኮልፌ እየተነሳ መርካቶ ላለ አንድ ሱቅ በብስክሌት ዕቃ ያደርሳል፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ደግሞ አስም አለበት። «ማስክ ብገዛለት ይበቃዋል ወይስ ሥራውን ይተው?» አሉኝ። በቤቱ ከእርሱ ሌላ ገንዘብ የሚያመጣ ሰው የለም።

ስጋታቸው ትክክል ነው። ብስክሌት የሚነዳ ሰው አርፎ ከተቀመጠ ሰው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ አየር ይስባል፤ ዳገት ላይማ ይብሳል። አፍንጫው ደግሞ ከፊቱ ካለው አይሱዙ ማርሚታ ብዙም አይርቅም። የናፍጣ ጭስ ካንሰር እንደሚያመጣ የዓለም የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 አረጋግጧል። በጭሱ ውስጥ ያለው ደቃቅ ብናኝ ከ2.5 ማይክሮን በታች ነው፤ የራስ ፀጉራችን ውፍረት ከዚህ ሃያ እጥፍ ያህል ይበልጣል። ስለዚህ አፍንጫችን ሳያስቀረው እስከ ሳንባችን ጥግ ይዘልቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 የዚህን ብናኝ የዓመት አማካይ ወሰን በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ10 ወደ 5 ማይክሮግራም ዝቅ አድርጎታል። የአዲስ አበባ አየር ከዚህ በብዙ ይበልጣል።

ታዲያ ማስክ ያድናል? እንደ ማስኩ ነው። አፍንጫ ላይ የሚጠመጠም ሻሽ ወይም ነጠላ አቧራውን ይቀንስ ይሆናል እንጂ ለደቃቁ ብናኝ ወንፊት ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ የለመድነው ሰማያዊው የሐኪም ቤት ማስክም ጎንና ጎኑ ክፍት ስለሆነ አየሩ በዚያው ይገባል። የሚሠራው ኤን95 የሚባለው ዓይነት ነው፤ እርሱም ፊት ላይ በደንብ ሲገጥም ብቻ። አድርጋችሁ በኃይል ተንፍሱ፤ ትንፋሻችሁ በጉንጫችሁ ወይም በዓይናችሁ በኩል ካመለጠ ጭሱም በዚያው ይገባል ማለት ነው። ከፊቱ መተንፈሻ ቀዳዳ ያለው ለብስክሌት ይሻላል፣ ላብ አያጠራቅምም። አይታጠብም፤ ከታጠበ የማጣራት ኃይሉን ያጣል።

እዚህ ላይ እኛን ጢማሞቹን የሚመለከት ነገር አለ። ማስኩ ከቆዳ ጋር ካልተጣበቀ አይሠራም፤ ጢም ደግሞ አያጣብቅም። እኔ ራሴ አንድ ወር ሙሉ አድርጌ ስነዳ ደህና የተጠበቅኩ መስሎኝ ነበር፤ ቤት ገብቼ ሳወልቀው ግን ጥቀርሻው በጢሜ ዳር መስመር ሠርቶ አገኘሁት። ጢሜን አልላጭም፤ ስለዚህ ገንዘቤን ማስክ ላይ ማጥፋቱን ትቼ መንገዴን ቀየርኩ። ያ ልጅ ገና ጢም ስላላበቀለ ለእርሱ ይገጥምለታል።

መንገድ መቀየሩ ከማስኩ ያላነሰ ጥቅም አለው። ማስኩ ብናኙን እንጂ እንደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያለውን መርዛማ ጋዝ አይዝም። ከዋናው አስፋልት ጥቂት አሥር ሜትሮች ሲርቁ ግን ጭሱ በብዙ ይቀንሳል፤ ውስጥ ለውስጥ መሄድ ማለት ይኸው ነው። መብራት ላይ ከአውቶብስ ኋላ ተለጥፎ መቆምም ይቅር። በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ጠዋት ጠዋት ቀዝቃዛው አየር ጭሱን መሬት ላይ ተጭኖ ያቆየዋል፤ ፀሐይ ሞቅ ስትል ይበተናል።

አስም ያለበት ሰው ደግሞ ኤን95 ትንፋሽ ስለሚያከብድ አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ፤ የሚነፋውን መድኃኒት ከኪሱ አይለይ፤ ደረቱን ሲጨንቀው ማስኩን አውልቆ ይቁም። ብስክሌቱን ግን «ጣል» አላልኩም። ለልብም ለስኳርም ጠቃሚ ነው፤ ልጁም እንጀራው ነው።

እናትየው ማስኩን በራሳቸው ገንዘብ ሊገዙለት ነበር። እዚህ ላይ አልተስማማሁም። ይህን ዓምድ ከሚያነቡት መካከል መርካቶ ሱቅ ያላችሁ ብዙ ናችሁ፤ ዕቃችሁን በብስክሌት የሚያደርስ ልጅ ካላችሁ ማስኩን የምትገዙለት እናንተ ናችሁ። የመጀመሪያውን ዕቃ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ይልቅ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ብትልኩት፣ ውስጥ ለውስጥ ሲመጣ ለሚዘገይባት አሥር ደቂቃም ባትቆጡት፣ ከማስኩ በላይ ይጠቅመዋል። የዚያን ልጅ አሠሪ በዚህ ሳምንት ሄጄ ላነጋግረው አስቤያለሁ፣ ኢንሻአላህ።