ሳያስታውቅ ሥራውን የተወው ጸሐፊ

ብዙዎቹ የንግድ ቤቶች ዛሬ ደመወዝ የማይቀበል፥ ዕረፍትም የማይጠይቅ አንድ ጸሐፊ አላቸው። ይኸውም ማክሮ የሚባለው፥ በኤክሴልና በአውትሉክ ውስጥ የሚጻፍ የትእዛዝ ዝርዝር ነው። የዱቤ ማስታወሻውን፥ የዋጋ ማቅረቢያውንና የጭነት መልእክቱን ለየደንበኛው በኢሜይል ያደርሳል። ይህ ጸሐፊ አገልግሎቱ ከፍ ያለ ቢሆንም አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ ሥራውን ሲተው አያስታውቅም።

በእኛም ቤት የደረሰው ይኸው ነው። ኮምፒዩተሮቻችን ወደ አዲስ የኦፊስ ፕሮግራም ከተዛወሩ በኋላ፥ በየሰኞው ለባለዕዳዎች ይላክ የነበረው ማስታወሻ ተቋረጠ። የሒሳብ ክፍሉ ማሽኑ ልኮታል ብሎ ዝም አለ፤ ባለዕዳዎቹም ጠያቂ ስላጡ ዝም አሉ። ጉድለቱ የታወቀው ለባንክ የምንከፍልበት ቀን ደርሶ የሚጠበቀው ገንዘብ ባልተገኘ ጊዜ ነው።

ለላኪ ነጋዴ ጉዳቱ ከዚህም ይብሳል። ዩ ሲ ፒ 600 በሚባለው ዓለም አቀፍ የሌተር ኦፍ ክሬዲት ደንብ መሠረት፥ ሌላ ውል ከሌለ በቀር፥ የጭነት ሰነድ ዕቃው ከተጫነ በኋላ በ21 ቀን ውስጥ ለባንክ መቅረብ አለበት። ሰነዱን አዘጋጁ የሚለው ማስታወሻ ለማክሮ የተተወ እንደ ሆነ፥ የአንድ ሳምንት ዝምታ ከዚህ ጊዜ ሲሶውን ይበላል። አስመጪውም ለትራንዚተሩ የሚልከው መልእክት ከቀረ ዕቃው በወደብ ተቀምጦ ኪራይ ይቈጥርበታል።

ለኦፊስ 2016ና ለኦፊስ 2019 ይሰጥ የነበረው ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 14 ቀን 2025 ስላበቃ፥ ፕሮግራም የመለወጡ ነገር ብዙ ቤቶችን የሚነካ ነው። ስለዚህ ምክንያቶቹን ማወቅ ይጠቅማል። አንደኛ፥ አዲሱ አውትሉክ የሚባለው ፕሮግራም ማክሮን ፈጽሞ አይቀበልም፤ በዚህ ጊዜ ሥራውን ወደ ቀድሞው አውትሉክ መመለስ ወይም በሌላ መንገድ ማደራጀት እንጂ ስሕተት መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ሁለተኛ፥ የአውትሉክ ማክሮ የሚቀመጠው በተጠቃሚው ኮምፒዩተር ባለ አንድ ፋይል ውስጥ ነውና፥ ኮምፒዩተሩ ሲለወጥ ካልገለበጡት አይከተልም። ሦስተኛ፥ ከ32 ቢት ወደ 64 ቢት ሲታለፍ አንዳንድ አሮጌ ትእዛዞች ካልታረሙ አይሠሩም። አራተኛ፥ ማይክሮሶፍት ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከኢንተርኔት በመጣ ፋይል ውስጥ ያለውን ማክሮ ያግዳል።

ይህን እገዳ ለማስወገድ አንዳንዶች «ማክሮ ሁሉ ይፈቀድ» የሚለውን ምርጫ ይመርጣሉ። ይህ አንድ ቁልፍ ቢጠፋ የመጋዘኑን በር ነቅሎ እንደ መጣል ነው። በግንቦት 2000 እ.ኤ.አ. አይ ላቭ ዩ የተባለው ተንኮለኛ ፕሮግራም በአውትሉክ የአድራሻ መዝገብ ላሉት ሁሉ ራሱን እየላከ በዓለም ላይ ያደረሰው ጥፋት ሊዘነጋ አይገባም። ምንጩ የታወቀውንና የተመረመረውን አንድ ፋይል ብቻ መፍቀድ ይበቃል።

ይሁን እንጂ ጥፋቱን በፕሮግራሙ ወይም በባለሙያው ላይ ብቻ መጣል ትክክል አይመስለንም። አንድ ሠራተኛ ሲቀጠር ሥራው በጽሑፍ ይሰጠዋል፤ ማክሮ ግን አንድ ጎበዝ ጸሐፊ በትርፍ ጊዜው ሠርቶት ይሄዳል፥ ምን እንደሚሠራም ባለቤቱ አያውቅም። እያንዳንዱ ቤት ማክሮዎቹን፥ የሚልኩትን፥ የሚልኩበትን ቀንና ኃላፊውን በመዝገብ ሊያሰፍር ይገባል። ፕሮግራም ሲለወጥም አስቀድሞ በአንድ ኮምፒዩተር፥ መልእክቱን ወደ ራስ አድራሻ በመላክ ይሞከር።

ከሁሉም በላይ፥ ማክሮው ሥራውን በፈጸመ ቍጥር «ዛሬ ይህን ያህል ደብዳቤ ልኬአለሁ» የሚል አጭር መግለጫ ለሥራ አስኪያጁ እንዲያደርስ ይታዘዝ። መግለጫው የቀረ ዕለት ጸሐፊው ሥራ አለመግባቱ በዚያው ቀን ይታወቃል። እኛ ይህን የተማርነው ከኪሳራ በኋላ ነው፤ ሌሎች ሳይከስሩ እንዲማሩት እንመኛለን።