«ኪንታሮት ነው» እየተባለ የሚታለፈው ደም

ኢሉባቦር ውስጥ በሠራሁባቸው ዓመታት ካየኋቸው ህሙማን መካከል አንድ የጎሬ አካባቢ ቡና ገበሬ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጡም። ዕድሜያቸው 53 ነበር። ደግፎ ያስገባቸው ትልቁ ልጃቸው «አባባ ደክሟቸዋል፤ ደም ማነስ ነው ተብለው እንክብል ሲወስዱ ከርመዋል» አለኝ። እሳቸው ዝም ብለው መሬት መሬት ያያሉ። ልጁ ትንሽ ውጭ እንዲጠብቅ ከጠየቅሁት በኋላ ነው እውነቱ የወጣው። ከዓይነ ምድራቸው ጋር ደም ማየት ከጀመሩ ዓመት ከመንፈቅ አልፏቸዋል። «ኪንታሮት ነው ብዬ ከገበያ የሚቀባ መድኃኒት ስገዛ ከረምኩ። ይህን ለልጆቼ በምን አፌ እነግራለሁ?» አሉኝ።

ኪንታሮት አልነበረም። የትልቁ አንጀት ካንሰር ነበር፤ ያን ጊዜ ደግሞ ወደ ጉበታቸው ተሻግሮ ነበር።

የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህ ሕመምና ሕዝቡ በቅድመ ምርመራ ስለሚኖረው ተሳትፎ ነው። ርዕሱ ለምግብ ሰዓት የማይመች መሆኑን አውቃለሁ፤ አንባቢያን ይቅርታ ያድርጉልኝ። ነገር ግን ሰው የሚሞተው ለመናገር በማይመች ነገር ሲሆን ዝምታው ራሱ የሕመሙ አካል ይሆናል።

የትልቁ አንጀትና የፊንጢጣ ካንሰር «የፈረንጅ በሽታ» ነው የሚል ግምት በእኛ በባለሙያዎቹ ዘንድ ሳይቀር ለረጅም ጊዜ ቆይቷል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. ለ2020 ባወጣው ግምት በኢትዮጵያ በዓመቱ 77 ሺህ ያህል ሰዎች አዲስ በካንሰር ተይዘዋል። ከጡትና ከማኅፀን በር ካንሰር ቀጥሎ ሦስተኛውን ቦታ የያዘው ይኸው የአንጀት ካንሰር ነው። በዓለም ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2022 ከ1 ነጥብ 9 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ይዟል፤ 900 ሺህ ያህሉን ገድሏል። በአገራችን ሆስፒታሎች የሚታየው ደግሞ ሌላ አሳሳቢ ነገር አለው፤ ብዙዎቹ ህሙማን ገና 50 ዓመት ያልሞላቸው ናቸው።

ይህ ሕመም ከብዙ ካንሰሮች የሚለየው ጊዜ የሚሰጥ በመሆኑ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በአንጀት ግድግዳ ላይ ከምትበቅል፣ ፖሊፕ ከምትባል ትንሽ ሥጋ መሰል እብጠት ነው። ፖሊፗ ወደ ካንሰር እስክትለወጥ ብዙውን ጊዜ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጅባታል። በነዚህ ዓመታት ውስጥ ከተገኘች በኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ጫፉ ላይ ካሜራ ባለው ተጣጣፊ ቱቦ፣ ያለ ቀዶ ሕክምና ተቆርጣ ትወጣለች፤ ካንሰሩ ሳይወለድ ይቀራል። ካንሰር ሆኖ እንኳ ከአንጀት ሳይወጣ ከተደረሰበት፣ በአሜሪካ በተሰበሰበው መረጃ መሠረት፣ ከ10 ህሙማን 9ኙ ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት ይገኛሉ። ወደ ሩቅ የሰውነት ክፍል ከተሰራጨ በኋላ ግን አምስት ዓመት የሚቆዩት ከ100ው 15 ያህሉ ብቻ ናቸው። ያ ሁሉ የመዳን ዕድል የጠፋው የጎሬው ገበሬ ቅባት ሲገዙ ባለፉት ወራት ሳይሆን አይቀርም።

ሌሎች አገሮች ይህንን ጊዜ ለመጠቀም ምንም ሕመም የማይሰማውን ሰው ጭምር ይጠራሉ። ኔዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ2014 የጀመረችው ፕሮግራም ዕድሜያቸው ከ55 እስከ 75 ለሆኑ ነዋሪዎች በየሁለት ዓመቱ ትንሽ የናሙና መውሰጃ በፖስታ ይልካል። ሰውየው በቤቱ፣ በራሱ መፀዳጃ፣ ከሰገራው በእንጨት ጫፍ ያህል ነክቶ መልሶ ይልካል። ምርመራው በዓይን የማይታይ ደም መኖሩን ይለያል፤ ደም የተገኘበት ለኮሎኖስኮፒ ይጠራል። ከተጋበዙት 10 ሰዎች 7ቱ ያህል ይሳተፋሉ።

ከእንግሊዝ የተገኘው ትምህርት ይበልጥ የሚጠቅመን ይመስለኛል። እዚያ ቀድሞ የነበረው ምርመራ ሰውየው ከሦስት ጊዜ ዓይነ ምድር ናሙና እንዲወስድ ይጠይቅ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ናሙና በሚወሰድበት አዲስ ምርመራ ሲሞከር ተሳትፎው ከ59 በመቶ ወደ 66 በመቶ ከፍ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2019ም በአዲሱ ተተካ። በዚያ ሙከራ የሰዉ ግንዛቤ በአንድ ጀምበር አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሥራው ቀላል መሆኑ ነው። «ሕዝቡ ግንዛቤ የለውም» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር በየስብሰባው ለምንደጋግም ሰዎች ይህ ትንሽ ሊያሳፍረን ይገባል።

በአገራችን ለአንጀት ካንሰር እንዲህ ያለ አገር አቀፍ የቅድመ ምርመራ ፕሮግራም የለም። በጤና ተቋማት የተስፋፋው ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች የሚሰጠው የማኅፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ነው። ቅደም ተከተሉ ተገቢ ነው ባይ ነኝ፤ ገንዘቡና ባለሙያው ውስን በሆነበት አገር ሁሉንም በአንድ ጊዜ መጀመር አይቻልም። ቢሆንም ያ አገልግሎት በተከፈተባቸው ቦታዎች እንኳ ወንበሩ ባዶ የሚውልበት ቀን ብዙ ነው። ሴቶቹ የሚያነሱት ምክንያት ደግሞ ለአንጀት ምርመራም ነገ የሚነሳው ነው። «አላመመኝም፣ ለምን እሄዳለሁ?» ይላሉ፤ «ማን ያየኛል?» ብለው ያፍራሉ። «ቢገኝብኝስ ማን ያክመኛል?» የሚለው ግን ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ መልስ የሚፈልግ ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

የኢሉባቦር ሕዝብ በጤና ሥራ አይሳተፍም የሚል ካለ አካባቢውን አያውቀውም። ፈጣን ወንዞች በበዙበት በዚያ አገር ዓይን የሚያሳውረው ኦንኮሰርኪያሲስ ሲያስቸግር ኖሯል። ሜክቲዛን የተባለውን መድኃኒት በየቀበሌው የሚያድሉት ኅብረተሰቡ ራሱ ከመካከሉ የመረጣቸው ሰዎች ናቸው። በቁመት መለኪያ እንጨት ሰዉን እየለኩ፣ ስንት እንክብል እንደሚገባው እየቆጠሩ ይሰጣሉ። ከሚውጡት አብዛኞቹ ምንም ሕመም አይሰማቸውም። የሚውጡት የሚያድለው ሰው የጎረቤታቸው ልጅ ስለሆነ፣ በቋንቋቸው ስለሚያስረዳቸው፣ መድኃኒቱ ያለ ክፍያ እደጃቸው ስለሚመጣ ነው።

በዓይነ ምድር ጉዳይ ማፈራችንም ቢሆን ከጥንት የነበረ አይመስለኝም። አያቶቻችን ለኮሶ ትል በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ ይጠጡ ነበር፤ ኮሶ የጠጣ ሰው ያን ቀን ከቤት እንደማይወጣ ጎረቤት ሁሉ ያውቅለት ነበር። (ኮሶ ጠጡ ማለቴ አይደለም፤ መጠኑ ካለፈ ይጎዳል፣ ለካንሰርም አይረዳም።) ዛሬም ቢሆን ጤና ጣቢያ ሄዶ «ሰገራ አምጣ» ያልተባለ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ለአሜባና ለጃርድያ የምንሰጠውን ናሙና ለካንሰር መስጠት ምን ይከብዳል?

እዚህ ላይ ግን መቸኮል አያስፈልግም። መንጠቆ ትልና ሌሎች የአንጀት ተውሳኮች በበዙበት አካባቢ፣ ካንሰር በሌለበትም ሰገራ ውስጥ ደም ሊገኝ ይችላል። ደም ተገኘብህ ተብሎ የደነገጠውን ሰው ሁሉ ወደ ኮሎኖስኮፒ እንላክ ብንል ደግሞ መሣሪያው ያለው በጥቂት ሪፈራል ሆስፒታሎችና በግል ማዕከላት ነው፤ የሚበዙትም አዲስ አበባ ናቸው። ለጎሬ ሰው ቅርቡ ትልቅ ሆስፒታል የመቱ ካርል ነው። ከመቱ አዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው፤ የጨረር ሕክምና ለዓመታት በጥቁር አንበሳ ብቻ ሲሰጥ ቆይቶ ጅማ መጀመሩ ትልቅ እፎይታ ቢሆንም። አንድን ሰው ለምርመራ ጠርተን፣ አስደንግጠን፣ ከዚያ የሚላክበት ቦታ ካጣን ሁለተኛ ስንጠራው አይመጣም፤ ጎረቤቱም አይመጣም። ስለዚህ እኔ ጤነኛውን ሁሉ እንመርምር ከሚለው ዘመቻ በፊት ሁለት ነገሮች ይቅደሙ እላለሁ፤ ደም እያየ ዝም ያለው ሰው ይውጣ፣ በቤተሰቡ የአንጀት ካንሰር ያለበት ሰው ይታወቅ።

ለመጀመሪያው የሚያስፈልገው መሣሪያ ጓንት ነው። ከፊንጢጣ አቅራቢያ ያለ እጢ በጣት ሊዳሰስ ይችላል፤ ምርመራው ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም፤ በየትኛውም ጤና ጣቢያ ይሠራል። እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ የማንሠራው ታካሚው ስላፈረ ብቻ አይደለም፤ እኛም ስለምናፍር ነው። «ኪንታሮት አለብኝ» ያለንን ሰው ሳንዳስስ ቅባት ጽፈን የምንሸኝ ባለሙያዎች ጥቂት አይደለንም። እኔም ከነዚያ አንዱ የነበርኩበት ጊዜ አለ።

አንባቢ ሆይ፣ ከዓይነ ምድርዎ ጋር ደም ካዩ፣ ደማቅም ይሁን የጠቆረ፣ ኪንታሮት መሆኑን ራስዎ አይወስኑ። ኪንታሮት ሊሆን ይችላል፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ነው። ይህን የሚለየው ግን ምርመራ ነው። የመፀዳዳት ልማድዎ ሳምንታት በዘለቀ ሁኔታ ከተለወጠ፣ ድርቀትና ተቅማጥ ከተፈራረቁብዎ፣ ተፀዳድተውም ያልጨረሱ ከመሰለዎት፣ ያለ ምክንያት ከከሱ ይታዩ። ጎልማሳ ወንድ «ደም ማነስ አለብህ» ከተባለ እንክብሉን ብቻ ይዞ አይሂድ፤ «ደሜ ወዴት ነው የሚሄደው?» ብሎ ይጠይቅ። የሚያፍሩ ከሆነ ባለሙያውን ለብቻ ማነጋገር እፈልጋለሁ ማለት መብትዎ ነው። ሴት ከሆኑም ሴት ባለሙያ እንድትመረምርዎ መጠየቅ ይችላሉ። ሀኪሙ ባይዳስስዎ ደግሞ ያስታውሱት።

ወላጅ፣ ወንድም ወይም እህት በዚህ ሕመም የተያዘበት ሰው ስጋቱ ከሌላው እጥፍ ያህል ነው። ኮሎኖስኮፒ የሚመከረው በ40 ዓመቱ፣ ወይም ዘመዱ ከታመመበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀደም ብሎ ነው፤ ከሁለቱ የቀደመው ይወሰዳል።

ይህንኑ ለገበሬው ልጅ በነገርኩት ቀን 31 ዓመቱ ነበር። ለእሱ ገና ጊዜ እንዳለው፣ ምልክት ካየ ግን ቀኑን ሳይጠብቅ እንዲመጣ አስረዳሁት። በወረቀት ጻፍልኝ አለኝ። ከዚያ አባቱ ስንት ወንድምና እህት እንዳላቸው ጠየቅሁት። ጣቱን እያጠፈ ሲቆጥር አንዱ ላይ ቆም አለ።

«አጎቴ 48 ዓመቱ ነው» አለኝ። «እሱም ያንኑ ቅባት ከገበያ ሲገዛ አይቼዋለሁ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅነውም።»