«እንሞክርልዎት?»

አማርኛ በአንዲት ፊደል ዓለም ይገለብጣል። «መሰከረልኝ» እና «መሰከረብኝ»፤ «ፈረደልኝ» እና «ፈረደብኝ»፤ «ዘነበልኝ» እና «ዘነበብኝ»። በመካከላቸው ያለችው «ለ» ወይም «በ» ናት፤ የምትለየው ግን ወዳጅን ከጠላት ነው። ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን ይህን ሰሌዳ ላይ ጽፌ ተማሪዎቼን ስንት ጊዜ አስቄያለሁ። እኔ ራሴ በቅጡ የገባኝ ግን አምቦ መግቢያ፣ አንድ ላቫጆ ደጃፍ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቀድሞ ተማሪዬ ልጁን ሊድር ጠርቶኝ ወደ አምቦ ወረድኩ። ከአዲስ ዓለም እስከ ጊንጪ ያገኘኝ ዝናብ አሮጌዋን ኮሮላዬን ጭቃ አልብሷት ነበር። ሠርግ ቤት ጭቃ ለብሶ መግባት ደግሞ ነውር ነው፤ ጭቃውን የለበሰችው መኪናዋ ብትሆንም ያው ነው። ላቫጆ ገባሁ። ባለቤቱ ትሑት ሰው ነው፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ተቀበለኝ።

«ኦቦ፣ አዲስ ዕቃ መጥቶልናል። ቀለሙ ውስጥ የገባውን ቆሻሻ መጥጦ ያወጣል። ከዚያ በላዩ ላይ የሚያሽግ ሌላ አለው፤ ስድስት ወር ዝናብም ፀሐይም አይነካትም። እንሞክርልዎት?»

«ሞክርልኝ» አልኩ። ሰላሳ ዓመት ቃል ሳበጥር የኖርኩ ሰው፣ የሰማሁት «ለ» «በ» መሆኗን አላየሁም።

አንድ አሥራ ስድስት ዓመት የሚሆነው ልጅ ዕቃውን ይዞ መጣ። ዕቃው በሃይላንድ ነው የተቀዳው። ስም የለው፣ ጽሑፍ የለው፤ ክዳኑ ላይ በምስማር የተበሳ ቀዳዳ ብቻ አለ። ልጁ በባዶ እጁ ስፖንጅ ላይ አፈሰሰና ያሽ ጀመር። ቀጥሎ ማሽን መጣ፤ ኮፈኑ ላይ እንደ ወፍጮ ዞረ። አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ መኪናዬ ከጃፓን የወጣችበትን ቀን መሰለች። ፊቴን አየሁባት። ሠርግ ቤት ስደርስ ከሙሽራው መኪና አጠገብ አቆምኳት፤ አልዋሽም፣ ኩራት ተሰምቶኛል።

በሁለተኛው ወር ኮፈኑ ጠርዝና ጣሪያው ላይ የደበዘዘ ነገር መውጣት ጀመረ። በለምጽ መልክ ሰፋ። አዲስ አበባ አንድ ቀለም ቀቢ ዘንድ ወሰድኳት። ሰውዬው ነጭ ጨርቅ አወጣና ጠርዙን አሸት አሸት አድርጎ አሳየኝ፤ ጨርቁ ግራጫ ሆኗል። «አዩ ጋሼ፣ ይሄ ቆሻሻ አይደለም፤ የመኪናዎ ቀለም ነው። ክሊሩን ልጠውልዎታል» አለኝ። ልብ በሉ፣ እሱም «ልዎታል» ነው ያለው። የእኛ ሰው ትሕትና ክፉውንም በ«ለ» ያስነግራል።

የተማርኩትን ላስተምር፤ ከልማድ አልወጣሁም። የዘመናዊ መኪና ቀለም አንድ ቀለም አይደለም። ከላሜራው ላይ ዝገት የሚከላከለው አለ፣ በላዩ መልኩን የሚሰጠው አለ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀለም ቀቢዎች «ክሊር» የሚሉት መስታወት የመሰለ ሽፋን አለ። ይህ የላይኛው ሽፋን ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ከአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት ያንሳል። ፀሐይን የሚመክተው እሱ ነው። አምቦ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ፀሐዩ ቀለም ላይ የሚሠራው ግፍ ይብሳል።

«ቆሻሻ መጥጦ ያወጣል» የሚባለው ማጽጃ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጥጠው ነገር የለም። ውስጡ እንደ ደቀቀ አሸዋ ያለ ነገር አለ፤ የሚሠራው በመፋቅ ነው። ጭረቱን የሚያጠፋው፣ ጭረቱ ጥልቀት ድረስ ዙሪያውን ፍቆ አንድ በማድረግ ነው። በልክ ከተፋቀ ጥሩ ነው፤ ጠርዝ ላይ ሽፋኑ ስስ ስለሚሆን፣ በማሽን ትንሽ ቆይት ካሉበት አለቀ። አንዳንዱ ደግሞ ፍቆም አያጠፋም፤ ጭረቱን በዘይት ይሞላውና ለዓይን ይሰውረዋል። ሦስት ጊዜ ሲታጠብ ጭረቱ «አለሁ» ብሎ ይመለሳል።

ማሸጊያውም እንዲሁ ዓይነት በዓይነት ነው። ከብራዚል ዘንባባ የሚገኘው ሰም ውበቱ መልካም ነው፤ ዕድሜው ግን የሳምንታት፣ ቢበዛ የሁለት ሦስት ወር ነው። በፋብሪካ የሚቀመመው ጥቂት ወራት ይከርማል። ሴራሚክ የሚባለው፣ ቀለሙ በወጉ ተዘጋጅቶ በባለሙያ ከተቀባ፣ ከዓመት በላይ ይቆያል። አንዳቸውም ግን ከሥራቸው ያለውን አይፈውሱም። ማሸጊያ ያገኘውን ነው የሚያሽገው፤ ቆሻሻ ካገኘ ቆሻሻውን፣ ቁስል ካገኘ ቁስሉን። ውሃ እንደ ዶቃ እየተንከባለለ መውረዱም ማስረጃ አይደለም፤ ዘይት የተቀባ ድስት ላይም ውሃ ይንከባለላል።

ታዲያ አዲስ ዕቃ አይሞከር ነው የምትለው? አይደለም። ሙከራ የሚባለው ነገር ወግ አለው ነው የምለው። ወጉም ከባድ አይደለም። መጀመሪያ የላቫጆው ባለቤት ከጋራዥ የተጣለ ኮፈን ገዝቶ እሱ ላይ ይሞክር። ባለመኪናው ሲስማማ ደግሞ ዓይን የማያርፍበት ቦታ ይመረጥ። መሐሉ ላይ ፕላስተር ይለጠፍና ግማሹ ይሠራ፣ ግማሹ ይተው። የሚታሽበት ጨርቅ ነጭ ይሁን፤ ክሊር ያለው መኪና ላይ ጨርቁ የመኪናውን መልክ ካመጣ ሥራው እዚያው ይቁም። ከዚያ በውሃ የቀጠነ አልኮል ይጠረግበት፤ የተሞላው ዘይት ከሆነ ጭረቱ ወዲያው ይታያል። ቀጥሎ ይጠበቅ። ፀሐይ ይምታው፣ ዝናብ ይውረድበት፣ ሦስት አራት ጊዜ ይታጠብ። በወሩ ግማሹ ከግማሹ የሚለይ ከሆነ፣ ያኔ «ሞክረነዋል» ይባል። እኔ ላይ የተደረገው ይህ አልነበረም። እኔ ላይ የተደረገው ጨው አለው የለውም ሳይባል ድግስ ላይ የቀረበ ወጥ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ «ሰውዬው ስለ መኪናው ያለቅሳል፤ ሕዝብ ዳቦ አጥቶ» እንደሚለኝ አውቃለሁ። ሁለት መልስ አለኝ።

አንደኛ፣ መኪና በዚህ አገር ቅንጦት መሆኑ ቀርቶ ጥሪት ከሆነ ቆይቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን ከባድ አደረገ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተባለ። ያለችውን አሮጌ መኪና መንከባከብ ግዴታ ሆነ። ደግሞም ከአምቦ እስከ ጉደር፣ ከጌዶ እስከ ባኮ ባለው መንገድ ላቫጆ የሚሰለፈው የእኔ ቢጤ ብቻ አይደለም። የጀልዱን ድንች የሚያመላልሰው አይሱዙ አለ፣ ሚኒባሱ አለ፣ ወጣቶች ዕቁብ ጥለው የገዙት ባጃጅ አለ። የእነዚህ ላሜራ ሲዝግ የሚዝገው የቤተሰብ እንጀራ ነው።

ሁለተኛው መልሴ ግን ይበልጣል፤ ለዚህ ጽሑፍ ያስነሳኝም እሱ ነው። ሙከራው የተደረገው በእኔ ኮፈን ላይ ብቻ አልነበረም።

ልጁ የልብስ ማጠቢያውን ስፖንጅ ሲጨምቅ እጁን አይቻለሁ። ጣቶቹ ጫፍ ላይ ነጥተው ተሰነጣጥቀዋል። የአንዱ ጥፍር ዙሪያ ቀልቷል። «እጅህን ምን ነካው?» አልኩት። «ሳሙና ነው ጋሼ፣ ይለመዳል» አለኝ። ሃይላንዱን እያሳየሁ «ይሄስ ምንድን ነው?» ስለው ሳቀ። «እኔ ምን አውቃለሁ፤ ማታ ማታ ያቃጥላል፣ ጠዋት ይተዋል።»

ማታ ያቃጥላል! ያን ጊዜ አላስደነገጠኝም። የደነገጥኩት በኋላ ሳነብ ነው። ቸርኬና አሉሚኒየም እንዲያብረቀርቅ ከሚሸጡ ማጽጃዎች ውስጥ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ያለባቸው አሉ። ይህ አሲድ ክፋቱ ሲነካ አለማመሙ ነው፤ ቀጠን ያለው ቆዳ ውስጥ ሰርጎ ከሰዓታት በኋላ ነው ሕመሙ የሚነሣው፤ በሰውነት ውስጥ ያለውን ካልሲየም እየያዘ ሥጋን ይጎዳል። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2013 በመኪና እጥበት ሠራተኞች ላይ የደረሰው የዚህ አሲድ ቃጠሎ ተጠንቶ ሆስፒታል የተኙ እንደነበሩ ታውቋል። በዚያ ሃይላንድ ውስጥ የነበረው ይህ ነው አልልም። ተራ የልብስ ሳሙናም ኃይለኛ ከሆነ እጅ ይሰነጥቃል። የምለው ይህን ነው፦ «እሱ አይደለም» ብሎ አፉን ሞልቶ የሚናገር ሰው እዚያ ግቢ ውስጥ አልነበረም። አጣቢው አያውቅም። ባለቤቱ አያውቅም። ከጀሪካን ገልብጦ የሸጠለት ነጋዴ ቢያውቅም፣ ሲገለብጥ ዕውቀቱን ጀሪካኑ ላይ ትቶታል።

«ሕግ የለም እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። ሞልቷል። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂ መረጃ የማግኘት መብት አለው ብሎ ጻፈ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ ያቅርብ፣ ስለ አደጋውም ይንገር አለ፤ ወጣት ሠራተኛንም ለብቻው ጠበቀ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከብዙዎቹ አጣቢ ልጆች ዕድሜ ይበልጣል። እጥበቱ ውሃ ግን ናፍታውን፣ ሳሙናውንና ስም የለሹን ዕቃ ተሸክሞ በቦዩ ይወርዳል። የአምቦ ቦይ ወደ ሁሉቃ፣ ሁሉቃ ወደ ጉደር፣ ጉደር ወደ ዓባይ ነው። ምንጯ በጠርሙስ ታሽጎ በስሟ የሚጠጣላት ከተማ፣ ድሮ «ሀገረ ሕይወት» ተብላ የተጠራች ከተማ፣ ወንዟን ለስም የለሽ ፈሳሽ ትሰጣለች።

የላቫጆውን ባለቤት ብቻ አልወቅስም። እሱም ተሞክሮበታል። አዲስ አበባ ያለ ነጋዴ «እንሞክርልህ» ብሎ ሸጦለታል። ለነጋዴው ከባሕር ማዶ ያለው እንዲሁ ብሎታል። «ልጆቹ ሥራ አግኝተው፣ አንተ ደግሞ ጓንት ስጧቸው እያልክ ሥራቸውን ልታዘጋ ነው» የሚለኝም አይጠፋም። ወዳጄ፣ ላቫጆ የሚዘጋ ጓንት አላየሁም። ልጁ የታጠበበት አንድ ጀሪካን ከብዙ ጓንት ይወደዳል። ጓንቱ ያልተገዛው ስለሚወደድ አይደለም፤ እጁ ስለሚረክስ ነው።

ይህ ደግሞ የላቫጆ ልማድ ብቻ አይደለም፤ የአገር ልማድ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ «ፕላዝማ» የሚባል መምህር ገባ። ተማሪ ቢጠይቀው የማይሰማ፣ ቢለምነው የማይቆም መምህር ነበር። ጥቂት ትምህርት ቤቶች ላይ ተሞክሮ፣ ግማሹ ከግማሹ ተነጻጽሮ፣ ውጤቱ ታይቶ ቢስፋፋ ማን ይጠላ ነበር? በአንድ ጊዜ ተለቀቀ። እነዚያ ልጆች አድገው እኔ ክፍል ገብተዋል፤ ምን እንዳልገባቸው እንኳ ለመጠየቅ አልለመዱም ነበር። «ሞከርንላችሁ» ነበር የተባሉት። ያሳለፉት ዓመት ግን እንደ ክሊር ነው፤ ከተላጠ አይመለስም።

አሁን ወደ ራሴ። ይህን ሁሉ ያየሁት በኋላ ነው ብዬ ልሸሽ አልችልም። እጁን አይቼ ነበር። ጠይቄው ነበር፤ መልሱንም ሰምቻለሁ። ከዚያ ምን አደረግኩ? መኪናዬ ላይ ፊቴን አየሁና ጉርሻ ሰጥቼው ሄድኩ። ባለቤቱን «ጓንት ግዛለት» ለማለት አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃኝ ነበር፤ በዓረፍተ ነገር የምተዳደር ሰው አንዷን ነፈግኩት። ኮፈኔን እንደገና አስቀብቻለሁ፤ ገንዘብ ወጣበት እንጂ ዳነ። የልጁን ጣት የሚቀባ ቀለም ቀቢ የለም።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ከአዲስ ዓለም እስከ ባኮ፣ ወይም እዚሁ ሰፈርዎ፣ አንዱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «አዲስ ዕቃ መጥቶልናል፣ እንሞክርልዎት?» ቢልዎ አይቆጡ። ሁለት ጥያቄ ብቻ ይጠይቁት። «ስሙ የተጻፈበትን ዕቃ አሳየኝ፤ አንተስ በምን ላይ ሞከርከው?» ይበሉት። ሁለተኛው ደግሞ «በማን እጅ?» የሚለው ነው። መልሱን ካላገኙ፣ በንጹሕ ውሃ ብቻ ያሳጥቡና ይሂዱ። ጭቃ በውሃ ይለቃል።