ጥለት እግር ላይ ወረደ ብላችሁ ለምታዝኑ

ሰሞኑን በእኛ በጉለሌ አንድ እንግዳ ኀዘን ገብቷል። የሞተ ሰው የለም፤ ድንኳንም አልተተከለም። የተለቀሰው በሸራ ጫማ ምክንያት ነው። የሠፈራችን ልጃገረዶች ነጭ ሸራ ጫማ ይገዙና ከሽሮ ሜዳ ልብስ ሰፊዎች የጥለት ቁርጥራጭ ለምነው ወይም በጥቂት ብር ገዝተው በግራና በቀኙ ይሰፉበታል። ጨሌ ይደረድሩበታል። ማሰሪያውን አውጥተው በሳባ ክር በተገመደ ይተኩታል። የተረፈውን ለጸጉር ማስያዣ፣ ለትንሽ የእጅ ቦርሳ፣ ለቁልፍ መያዣ ያውሉታል። ይህን ያዩ ታላላቆቻችን «ጥለት እግር ላይ ወረደ! ባህል ተረገጠ!» እያሉ እርር ድብን ይላሉ። በዕድር ይወራል፣ በታክሲ ይወራል፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይወራል።

እኔ በበኩሌ ከልጃገረዶቹ ጎን ቆሜያለሁ። ኀዘንተኞቹን ግን አልንቃቸውም። ብዙዎቹ የአገራቸውን ልብስ የሚወዱ፣ ሸማ ሲታጠፍና ሲለበስ ወጉን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ጥለት የሚሞትበት ቤት በእርግጥ አለ፤ እነሱ ግን ለቅሶ የደረሱት ከሌላ ቤት ነው። ይህን ለማሳየት ክሶቻቸውን አንድ በአንድ ላንሣ።

አስቀድሜ ግን የሚያወግዙትን ሥራ ቀርበው አይተውት እንደሆነ ልጠይቃቸው። እኔ አይቻለሁ። ጫማው አዲስ ከሆነ ድርቀቱ እንዲለቅ በለብታ ውኃ ይታጠብና ጥላ ላይ ይደርቃል። ቅርጹ እንዳይበላሽ ውስጡ በአሮጌ ጋዜጣ ይጠቀጠቃል። ጥለቱ በልክ ይቆረጥና ዳርና ዳሩ እንዳይተረተር ወደ ውስጥ ታጥፎ በሰፊው ይወሰወሳል። የጫማ ሸራ ድርብ ስለ ሆነ መርፌ ብቻውን አይደፍረውም። ስለዚህ እናቶቻችን ሰፌድ የሚሰፉበት ወስፌ ይቀድማል፤ በሰም የታሸ ድርብ ክር ይከተላል። ጨሌ የምትሰፋ ልጅ በየሦስት በየአራቱ ፍሬ ክሩን ትቋጥራለች፤ ያለዚያ አንዱ ሲበጠስ ሁሉም ይረግፋል። ወደ ጎማው ጠርዝ አብዝቶ መጠጋትም አይበጅም፤ ወስፌው ጎማውን ከበሳው ዝናብ ይገባል። በማስቲሽ ለጥፋ የምትገላገል አለች፤ ክረምት ሲገባ ጥለቱ ተላቆ ይቀርባታል። ልቅም ያለ አንድ ጥንድ ሁለት ሦስት ምሽት ይወስዳል፤ ጣትም ይወጋል።

ልጆቻችን እጃቸውን ስልክ ከመነካካት በቀር ለምንም አያውሉም ብለን ስናማርር ዓመታት አለፉ። ይኸው መርፌና ወስፌ ጨበጡ። አሁን ደግሞ ለምን ጨበጣችሁ ልንላቸው ነው?

አሁን ወደ ክሱ። የመጀመሪያው «ጥለት የክብር ነው፤ እግር ዝቅ ያለ ነው» የሚለው ነው። የዕድራችን አንድ ሽማግሌ ይህንኑ ሲሉኝ «ጋሼ፣ የእትዬ የበዓል ቀሚስ ጥለቱ የት ላይ ነው ያለው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ከታች፣ ከጠርዙ ላይ ነዋ!» አሉኝ። «ታዲያ ከእግራቸው ምን ያህል ይርቃል?» ስላቸው ፈገግ ብለው ወሬ ቀየሩ። የአገራችን ቀሚስ ጥለቱን ቁርጭምጭሚት ላይ ተሸክሞ፣ የጭቃና የአቧራ ጎረቤት ሆኖ ኖሯል። ማንም ተዋረደ አላለም።

የነጠላ ደንብማ ከዚህም የበለጠ ይናገራል። በደስታ ቀን ጥለቱ ወደ ታች ወርዶ ይታያል። ሰው የሞተበት ነጠላውን ያዘቀዝቃል፤ ያን ጊዜ ጥለቱ ሽቅብ ወደ ትከሻና ወደ ፊት ይወጣል። ስለዚህ በገዛ ወጋችን ጥለት ወደ ታች ሲወርድ ደስታ ነው፤ መርዶ የሚሆነው ሽቅብ ሲወጣ ነው። ጥለት ወረደ ብሎ የሚያዝን ሰው የራሱን ባህል ገልብጦ እያነበበ ነው ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን እቀበላለሁ። መስቀል የተሸመነበት ጥለት አለ። ምእመናን የሚሳለሙትን ምልክት እግር ላይ ማየት ቅር ቢያሰኛቸው እውነት አላቸው። መፍትሔው ቀላል ነው። ባለ መስመሩ፣ ባለ አራት ማዕዘኑ፣ ባለ ሰያፉ ጥለት ሽሮ ሜዳ ላይ ሞልቷል። መስቀሉን ለቀሚስና ለነጠላ ትቶ ሌላውን መምረጥ ነው። ከማውቃቸው ልጃገረዶች ብዙዎቹ ማንም ሳይነግራቸው ይህን ለይተው ያውቃሉ።

ሁለተኛው ክስ «ሸራ ጫማ የፈረንጅ ነው፤ ከጥለት ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ነው። ሸራ ጫማ የገባበትን አገር መልክ የሚይዝ ዕቃ ነው። ባታ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1936 ለሕንድ ተማሪዎች ብሎ የሠራው ሸራ ጫማ ዛሬ ሕንዳዊው የራሱ የልጅነት ዕቃ አድርጎ ያስበዋል። እ.ኤ.አ. በ1966 በካሊፎርኒያ የተቋቋመው ቫንስ ደግሞ ስሙ የገነነው በጥቁርና ነጭ ዳማ መልኩ ነው። ኩባንያው ራሱ እንደሚተርከው ያ ዳማ የወጣው ከፋብሪካው አልነበረም፤ በ1970ዎቹ ወጣቶች በገዛ እስክሪብቷቸው ጫማቸው ላይ ሲሞነጭሩ የታየ ነው። ኩባንያው ከልጆቹ ቀዳ። ዓለም የሚያውቀው ጌጥ ከልጆች ጭረት ከተወለደ፣ የጉለሌ ልጅ በመርፌ የምትሠራው በምን ያንሳል?

ደግሞስ የእኛ ሸማኔ መቼ የባሕር ማዶ ዕቃ ተጸይፎ ያውቃል? በ18ኛው መቶ ዓመት በጎንደር የተሸመነ ትልቅ የሐር መጋረጃ ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። ሐሩ ከውጭ የገባ ነው፤ እጁና ሐሳቡ ግን የዚሁ አገር ነው። ስለዚህም ያ መጋረጃ የኢትዮጵያ ሥራ ይባላል። በጥለት ላይ የሚያብለጨልጨው ሙካሽም ቢሆን በደጋችን የሚበቅል ተክል አይደለም። የሥራን ዜግነት የሚወስነው የሠራው እጅ ነው።

አሁን እውነተኛው ለቅሶ ወዳለበት ቤት እንሂድ።

ከገና በፊት በከተማችን በተዘጋጀ አንድ ባዛር ሦስት የሠፈሬ ልጆች ጠረጴዛ ሊከራዩ ሄደው ነበር። እኔም አብሬያቸው ነበርሁ። አዘጋጁ ጫማዎቹን አገላብጠው አዩና «ባህል የሚያዋርድ ነገር አናስገባም» ብለው መለሷቸው። ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው ሲወጡ እኔ ወደ ውስጥ ገባሁ። ከመግቢያው ጀምሮ «የሐበሻ ልብስ» ተብሎ ከተሰቀለው አንዱን ያዝሁና ገለበጥሁት። ከውስጥ ነጭ ነው! ጥለቱ የተሸመነ ሳይሆን በማሽን የታተመ ነው። ቀጥሎ ያለውም እንዲሁ፣ የሚቀጥለውም እንዲሁ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ጥለትን እያጠፋ ያለው ባለ ገንዘብ በክብር ገብቷል፤ እውነተኛውን ጥለት በእጇ የሰፋችው ልጅ ከበር ተመልሳለች።

ለማያውቅ አንባቢ ልዩነቱን ልንገር። ሸማኔ ጥለት ሲሠራ ባለ ቀለሙን ክር ከድሩ መካከል በእጁ እየመረጠ ያስገባል፤ ማጉን በመወርወሪያ ያሳልፋል፤ ይመታል፤ እንደገና ይመርጣል። ስፋቱ የጣት ያህል የሆነ ጥለት የብዙ ሰዓት ሥራ ነው። ስለዚህ የተሸመነው ሲገለበጥ ክሩ ከጀርባም ይታያል፤ በጣት ሲዳሰስ ይቆረቁራል። የታተመው ግን ፊቱ ብቻ ያማረ፣ ጀርባው የገረጣ፣ ሲዳሰስ ልሙጥ ነው። ማሽኑ በደቂቃ ውስጥ ሜትር በሜትር ያወጣዋል። ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ አካባቢ መጥተው ወይም ከነዚያ ተወልደው በሽሮ ሜዳ ጓሮዎች ከመሸመኛ ጉድጓዳቸው አፍ የሚውሉት ሸማኔዎች የሚወዳደሩት ከዚህ ጋር ነው። ከእንጦጦ ግርጌ፣ ከሸማኔው ደጃፍ የምንኖር እኛው የታተመ ለብሰን በዓል እንውላለን። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው!

የታተመውን የምትገዛውን ደኻ እናት አልወቅስም። ልጆቿን በዓል ለማስመሰል አቅሟ የፈቀደውን ታደርጋለች። ወቀሳዬ የታተመውን «የሸማኔ ሥራ» ብሎ ለሚሸጠው፣ ለክብረ በዓሉ በመቶ የሚቆጠር ልብስ ሲያዝ ርካሹን ብቻ ለሚፈልገው መሥሪያ ቤትና፣ አቅም እያለው ገልብጦ ለማያየው ገዢ ነው።

ይህ መንገድ ወዴት እንደሚያደርስ ከሌሎች እንማር። የጃቫ ሴቶች በሰም እየጻፉ የሚያቀልሙትን ባቲክ የሆላንድ ፋብሪካዎች በ19ኛው መቶ ዓመት በማሽን መኮረጅ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1846 የተቋቋመው ቭሊስኮ ከነሱ አንዱ ነው። ጨርቁ በምዕራብ አፍሪቃ ገበያ አግኝቶ «የአፍሪቃ ጨርቅ» እስከ መባል ደረሰ። በኋላ የቻይና ፋብሪካዎች የሆላንዱን ኮረጁ፤ ኮራጁም በተራው ተኮረጅሁ ብሎ ጮኸ። በዚህ ሁሉ የቅጂ ቅጂ መካከል ሰም ይዛ የተቀመጠችውን የጃቫ ሴት ማን ያስታውሳታል? የሽሮ ሜዳው ሸማኔ ዕጣም ይኸው እንዳይሆን እፈራለሁ።

ከዚህ ሁሉ ሥር ደግሞ አንድ የቆየ በሽታ አለ፤ እጅን መናቅ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ከተነገረ መቶ ዓመት አልፎታል። እኛ ግን እዚሁ ጉለሌ ውስጥ የቀጨኔ ሴቶች በሠሩት ጀበና ቡና እየጠጣን እነሱኑ በቡዳ ስናማ ኖረናል። «ባህል ተረገጠ» የሚለውን ጩኸት ጠጋ ብዬ ሳዳምጠው አንዳንዴ ይኸው የድሮ ንቀት ይሰማኛል። ልጅቷ ቢሮ ብትገባ እናመሰግናታለን፤ ወስፌ ይዛ ጫማ ስትሰፋ ግን እናፍራለን።

ንቀቱ የሚለቀን የውጭ ሰው ሲያጨበጭብ ነው። ቤተልሔም ጥላሁን በ1997 ዓ.ም. ገደማ በዘነበወርቅ ሠፈር ሶልሬብልስን ስታቋቁም የተነሣችው ከምን ነበር? ደኻ ከሚጫማው ከጎማ በረባሶ፣ በእጅ ከተፈተለና ከተሸመነ ጥጥ ነው። የእጅ ሸማ እግር ላይ ወረደ፤ ጫማውም ባሕር ተሻግሮ ተሸጠ፤ ሁላችንም ኮራን። ያን ጊዜ ባህል ተረገጠ ያለ አልሰማሁም። በውጭ ምንዛሪ ሲሸጥ ኩራት የሆነ ነገር፣ የጉለሌ ልጅ ለጎረቤቷ ስትሸጠው ውርደት የሚሆነው በየትኛው ሚዛን ነው?

ለልጃገረዶቹም የምለው አለኝ። እስከ ዛሬ የተጠቀማችሁት ትርፍራፊ ነው። መልካም ጅምር ነው፤ ሸማኔውን ግን አይጠቅመውም፤ ቁርጥራጩ ቀድሞ የተሸጠ ነውና። እንግዲህ ወደ ሸማኔው ራሱ ሂዱ። «ጋሼ፣ ሁለት ጣት የሚሆን ጥለት በአንድ ሸማ ላይ ደርድረው፣ በመካከሉ ለማጠፊያ ነጭ እየተዉ ይሥሩልኝ» በሉት። ከዚያ ቆርጣችሁ ስፉ። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ብታዙ ዋጋው ይቀላችኋል፤ እሱም ከቀሚስ ወቅት ውጪ ሥራ ያገኛል። የታተመ ጥለት ጫማችሁ ላይ አታውሉ፤ ያን ቀን ጠበቃችሁ አልሆንም። ፈቃዱን ጠይቃችሁም የሸማኔውን ስም በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ ከማሰሪያው ጋር እሰሩት። ስሙ ተጽፎ የማያውቅ ባለሙያ ስሙ በእናንተ ጫማ ላይ ቢነበብ ማንን ያዋርዳል?

ወደ እናንተ ወደ ኀዘንተኞቹ ልመለስና ላብቃ። የምጠይቃችሁ ከባድ ነገር አይደለም። ዛሬ ማታ ቁም ሣጥናችሁን ክፈቱና የበዓል ልብሳችሁን አንድ በአንድ ገልብጡ። ጀርባው ላይ ክር የሚታየውን በግራ፣ የገረጣውን በቀኝ ቁለሉት። የቀኙ ክምር ከበለጠ ነጠላችሁን አዘቅዝቁ፤ ለቅሶው እዚያው ቤታችሁ ነው። የግራው ከበለጠ ደግሞ ጎረቤት ላለችው ልጅ አንድ ጥንድ ጫማ እዘዙ። ቁጥራችሁን ስትነግሯት ዋጋ አትከራከሯት፤ ጣቷን ብቻ እዩ።